የቧንቧ ውሃ

ጥቅምት 9

ቅዳሜ። የልጄን መኪና አጠብኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቅዳሜ ሥራዬ ይኸው ነው። ልጄ ነርስ ናት፤ መኪናዋን ከገዛች ገና ስድስት ወሯ።

ኮፈኑን ስከፍት ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ በሚገባው ቱቦ ሥር ጠብታ አየሁ። ቀይ። ባለፈው ሳምንት ቶሎቶሎ የሞላላት የራዲያተር ፈሳሽ፣ ኩላንት የሚሉት ነው። ቶሎቶሎ ከቤታችን ማዶ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ስሙን ያወጣንለት ስለሚፈጥን አይደለም። አንድ ብሎን ሊፈታ ጎንበስ ካለ ቀኑ መሸ ማለት ነው።

"ደጋ ልትወጪ ነው፤ ይሄ ውርጭ ይችላል" ሲላት እሷ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ትሰማዋለች። አጠገባቸው ቆሜያለሁ። "አባዬ አንተስ ምን ትላለህ?" ማለት የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና የነዳሁ ሰው… ከወንዝ በጀሪካን እየቀዳሁ፣ ራዲያተር እየሞላሁ፣ አገር ያቋረጥኩ ሰው።

ለማንኛውም ፈሳሹን በሚስቴ የልብስ ሳፋ አወረድኩት። የቱቦውን ማሰሪያ አጠበቅኩ። ልመልሰው ስል ሳፋው ውስጥ አሸዋ ነበረበት። ተበላሸ። ማዶ ተሻግሬ ሌላ ስጠኝ ልበለው? እኔ? ቦይ ውስጥ ደፋሁትና ከቧንቧው ሞላሁ። ውሃ ለሰው ከበቃ ለብረት ምን ያንሰዋል።

ሞተሩን አስነሣሁት። ምንም አላለም።

ጥቅምት 10

ልጄ ሄደች። ደጋው ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ለሁለት ወር ተመድባለች። "አባዬ፣ መኪናዬ እንዴት ናት?" አለችኝ ቁልፉን ስትቀበለኝ። እንደ ሰዓት ትሠራለች አልኳት። ስለ ውሃው ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር… ለምን ላስጨንቃት? ደግሞ ሮጣ ማዶ ትሻገራለች።

ጥቅምት 17

ደወለች። ብርዱ አይጣል ነው አለች። ጠዋት ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ወፍራም ልበሺ አልኳት። ስለ መኪናዋ ትዝም አላለኝ።

ጥቅምት 25

ክፉ ቀን።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የቃል ፈተና ነበራት። እዚሁ ከተማ፣ በትልቁ ሆስፒታል፣ ዋና ነርስ ለመሆን። አራት ዓመት የጠበቀችው ቦታ። ንጋት ላይ ተነሥታ መንዳት ጀመረች። መኪናዋ ግን ያን ሌሊት ውጭ ውርጭ ላይ አድራለች። የመጀመሪያው ዳገት ላይ እንፋሎቱ በኮፈኑ በኩል ወጣ፤ ከዚያ ቀጥ። ስልክ የማይሠራበት ቦታ። በጭነት መኪና ተሳፍራ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ፈታኞቹ ተነሥተዋል። ቦታው ለሌላ ሰው ሆነ።

እናቷ ፊት ተቀምጣ አንድ በአንድ ነገረችን። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ውሃው ይሆን? ውሃ እንዴት…? እኔ ቆላ ለቆላ ነው የነዳሁት። ውርጭ የት አውቄ።

ጥቅምት 27

መኪናዋ ተጎትታ መጣች። ቶሎቶሎ ጋራዥ አስገቧት። ልጄም እኔም ሄድን። ደንበኞች ሦስት አራት ሆነው ቆመዋል።

ራዲያተሩ ተሰንጥቋል። በረዶ ሠርቶ ነው የሰነጠቀው። ከዚያ ስትነዳው የቀረው ፈስሶ አለቀና ሞተሩ ጋየ፤ የሞተሩ ራስ ተጣሟል። ቶሎቶሎ ታች የቀረችውን ጠብታ በጣቱ ነካ፣ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ።

"ይሄማ ውሃ ነው" አለ።

እርስዎ እያለች ያደገችውን ሰው ልጄ ዛሬ አንተ አለችው። "ኩላንት ሞላሁልሽ አላልከኝም? ውሃ ሸጥክልኝ እኮ። ሌባ ነህ።" ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቶሎቶሎ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አይደለም፣ ለአፍታ። አወቀ። ከእሱና ከእኔ ሌላ ያንን ኮፈን ማን ይከፍታል? አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። አፉን ከፈተ… መልሶ ዘጋው። የሞላሁት እኔ ነኝ፣ እኔው አስተካክለዋለሁ አላት።

እኔስ? ዓይኔን በጨው አጥቤ ክንዷን ያዝኩና "ተይው ልጄ፣ በቃ" አልኳት። ተይው! የበደለውን ይቅር እንደሚል ሽማግሌ።

ጥቅምት 28

ከቤት አልወጣሁም። አሞኛል አልኩ።

ኅዳር 2

ሚስቴ ልብስ ልታጥብ ሳፋዋን አውጥታ ቆይታ ቆይታ "ይሄ ቀይ ግን አልለቅ አለ እኮ። ምን ነበር ያደረግክበት?" አለች።

ቀለም ነው አልኳት። የምን ቀለም? አልኩ ለራሴ። ቤታችን ውስጥ ቀይ የተቀባ ነገር አለ እንዴ?

ሌላ ጊዜ ቢሆን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ትለኝ ነበር። ተረቷ አያልቅም። ዛሬ ግን ሳፋውን ገልብጣ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

ኅዳር 5

ሾፌር ሁሉ ተጠቃቅሶ እንደሚሸሸው ጉድጓድ ነው የሆነው የቶሎቶሎ ጋራዥ። ልጄ ለሥራ ባልደረቦቿ ነግራለች። እኔንም የሚያውቀኝ የጤና ጣቢያው ሾፌር ጥገናው ሳያልቅ መኪናውን አውጥቶ ሌላ ጋ ወሰደ። ሌሎችም ቀርተዋል። ዛሬ ሳልፍ የእሷ መኪና ብቻ ናት ያለችው። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መፍቻ ይወለውላል።

ላልፍ ነበር። ጠራኝ። "ልጅቷ እንዴት ናት?" አለኝ። እሱ ነው እንግዲህ የሚጠይቀኝ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

መፍቻውን አስቀመጠ። "መካኒክ ይቀየራል፤ አባት ግን…" አለኝ።

ወደ ቤት ተሻገርኩ።

ለምን አደረግኩት? ውሃ ይበቃል ብዬ ነው? እስካሁን ይሄን ለራሴ ሳወራ ነበር። አይደለም። ቀንቼ ነው። ልጄ የሌላ ሰው ምክር ስትሰማ አይቼ ቀናሁ። ሌላ ሰው ላያነበው እዚህ ለመጻፍ እንኳ እንዴት ያፍራል ሰው።

ኅዳር 7

ነገርኳት።

መኪናዋ ተጠግና አልቃ ልጄ ልትወስዳት መጣች። ቤት ልነግራት አስቤ ነበር። ከዚያ እሱ የተሰደበው ሰው ፊት አይደል እንዴ አልኩና ጋራዡ ድረስ ተከተልኳት። ሁለት ሰዎች ነበሩ። ቢበዙ ይሻል ነበር፤ ያን ቀን ብዙ ነበሩ።

"ውሃውን የሞላሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ሰዎቹ እንዲሰሙ ደገምኩት። ሳፋውን፣ አሸዋውን፣ ቦዩን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ቶሎቶሎ ጀርባውን ሰጥቶ ዕቃ መደርደር ጀመረ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ስለ ፈተናዋ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር።

"እኔ ይሄን ሰውዬ ስሰድብ አጠገቤ ነበርክ።"

"አዎ።"

"ክንዴን ይዘህ።"

"አዎ፣ ልጄ።"

ከዚያ በኋላ እኔን አላየችኝም። ወደ እሱ ሄዳ "ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለችው። ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዞ አስነሣት። ተይ፣ ይሄም እንደ አባትሽ ቤት ነው አላት። ያኔ ነው ያለቀሰችው። ቁልፏን ተቀብላ ብቻዋን ነድታ ሄደች።

መንገዱን ተሻግሬ ቤት ለመግባት ሃያ እርምጃ አይሞላም። ዛሬ ረዘመብኝ።

ኅዳር 8

ለሚስቴ ልነግራት ስጀምር "ዐውቃለሁ" አለች። ምሳችንን በላን።

ኅዳር 15

ለጤና ጣቢያው ሾፌር ደወልኩ። ሰውየው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳሁ ትል የለም እንዴ ብሎ ሳቀ። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅኩት። መኪናውን ይመልስ አይመልስ አልነገረኝም። የሌሎቹን ስልክ እያፈላለግኩ ነው።

ኅዳር 28

ቅዳሜ። ልጄ መጣች፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ደጋው ትመለሳለች። እንደ ድሮው መኪናዋን አጠብኩላት። ከእናቷ ጋር ተሳሳቁ። ከእኔም ጋር ደህና ነን፤ ታወራኛለች፣ ጉንጬን ትስመኛለች።

ልትሄድ ስትል ጎማዎቹን ነፍቻቸዋለሁ፣ ሁሉም ደህና ናቸው አልኳት።

"እሺ አባዬ፣ ተባረክልኝ" አለች።

ከዚያ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ የጎማ መለኪያ አወጣች። ገዝታ ነው። ቁጢጥ ብላ የፊተኛውን ለካች። ከዚያ ሁለተኛውን። አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም፤ እጇን እንደምትታጠብ ያህል ነው የምትሠራው። የመንፊያዎቹን ክዳኖች እያነሣሁ ያዝኩላት።

ሁሉም ልክ ነበሩ። አራተኛው ጋ ስትደርስ ክዳኑን ሳትጠይቀኝ አቀበልኳት።