ከጋርስዴል ወዲያ ያለው ባዶ ቦታ

ውድ እህቴ ብሬንዳ፣

«መጣያ ውስጥ ክተተው» ያልሽኝን ክምር አልጣልኩትም። እንደምትቆጪ አውቃለሁ፤ ተቆጪ። እማዬ ከሞተች በኋላ ቤቷን ባዶ ባደረግንበት ቀን፣ አንቺ አሁን ወደምትኖሪበት ደሴት ለመሄድ ሻንጣሽን ስትዘጊ፣ ከአሮጌ ጋዜጦች ሥር በፕላስተር የተያያዙ አራት ካርታዎች አገኘሁ። ምንም ሳልልሽ መኪናዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ብሪስቶል ቤቴ ገብቼ ስዘረጋቸው ሳሎኑን ሞሉት፤ ሶፋውን ወደ ግድግዳ መግፋት ነበረብኝ።

ከምዕራቡ ባሕር፣ ከሞርካም፣ ተነስቶ እስከ ምሥራቁ ባሕር፣ እስከ ዊትቢ የሚሄድ የእርሳስ መስመር ነበር። አስፋልት አይወድም፤ በተራራው፣ በረግረጉ፣ በበጎቹ መሃል ይሄዳል። በየጥቂቱ የባቡር ጣቢያ ላይ ይቆምና ጎኑ ቀን ይጻፍበታል። ቀኖቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ረቡዕ ናቸው።

ዶሪን ከጎረቤት መጥታ፣ ማስታወስ እያቃታት የሄደችውን እማዬን የምትይዝልሽ ረቡዕ ብቻ እንደነበር አውቃለሁ። ከማለዳ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት። በነዚያ ሰዓታት ብስክሌትሽን ከቤታችሁ ከተማ ከስኪፕተን ባቡር ላይ ትጭኛለሽ፣ ያለፈው ረቡዕ ያቆምሽበት ጣቢያ ትወርጃለሽ፣ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ትነጂና ወደ ቤት ትመለሻለሽ። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ሚስቴ ስለ አንቺ ስትጠይቀኝ «ብሬንዳ ብስክሌቷን ባቡር እያሳየች ነው» ብዬ እስቅ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ስቄያለሁ።

በሚያዝያ አሮጌ ብስክሌት ገዛሁና በስድሳ አንድ ዓመቴ ተከተልኩሽ። ሞርካም ስደርስ፣ ከባሕር እስከ ባሕር እንደሚነዱ ሰዎች ደንብ የኋላ ጎማዬን ባሕር ላስነካ ብወርድ ባሕሩ የለም። ሸሽቶ ሄዷል፤ ዓይን እስኪደክመው ጭቃ ብቻ። ካርታሽን ባየው ጥግ ላይ በደቃቅ ጽሕፈትሽ «ባሕሩ ሸሽቷል። በሚቀጥለው ረቡዕ» ይላል። ጎማ ለማርጠብ ብቻ አንድ ሙሉ ረቡዕ! እኔ ግን ጡረተኛ ነኝና አጥሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላ ውኃው ያንን ሁሉ ጭቃ እየዋጠ ሲመጣ ተነስቼ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም፤ ተቀምጦ የሚታይ ነገር አልመሰለኝም።

ሁለተኛው ቀን ላንካስተር ጣቢያ የባቡሩ ሠራተኛ በር ላይ አቆመኝ።

«ሁለት ብስክሌት ነው የምንጭነው፣ ሁለቱም ገብተዋል።»

«ወንድሜ፣ ትንሽ ቢጠጋጉ?»

«አባቴ፣ ብስክሌት ነው እንጂ በግ አይደለም። የሚቀጥለው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።»

ተናድጄ ካርታሽን ብገልጥ «ሁለት ልጆች ቀደሙኝ። ጊዜው አለቀ። ወደ ቤት» ብለሻል። ከዚያ በኋላ መናደዴ አሳፈረኝ።

በምሥራቁ በኩል ደግሞ ሒሳብሽን ማመን አቃተኝ። ከስኪፕተን ተነስቶ ሊድስ ቀይሮ፣ ሚድልስብራ ቀይሮ፣ ከዚያ በዚያች በየመንደሩ በምትቆም ባቡር እስከ ዳንቢ፤ ለሁለት ሰዓት ፔዳል ስምንት ሰዓት ባቡር። ረግረጉ አናት ላይ ወጥቼ ምሥራቁ ባሕር እንደ ሰማዩ ቁራጭ ሆኖ ሲታየኝ፣ ይህን ያየሽው ሰዓትሽን እያየሽ እንደሆነ አሰብኩ። ማንም ሳያጨበጭብልሽ ከባሕር እስከ ባሕር አገር እንደ ጨርቅ ሰፍተሻል እኮ። ዘጠና አራት ረቡዕ ቆጠርኩ።

ሳትሰፊው የቀረ አንድ ቦታ ብቻ አለ። ከጋርስዴል እስከ ኖርዛለርተን ባቡር የለም፤ በአንድ ቀን ነድቶ፣ ዞሮ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቤት መግባት አይቻልም። አንድ ሌሊት ማደር ይጠይቃል። ያንን ሌሊት የለመንሽው እኔን ነው። የካርታው ነገር አልገባኝም ነበር እንጂ ልመናሽን አልረሳሁትም፤ «ኔቪል፣ አንዲት ሌሊት ብቻ እማዬ ጋር እደርልኝ» አልሽኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ በዕለቱ ማለዳ ደውዬ መኪናዬ ተበላሸ አልኩሽ።

ባለፈው ወር ባዶውን ቦታ እኔ ልሙላልሽ ብዬ ጋርስዴል ወረድኩ። እንደ ስጦታ፣ ገባሽ? ጨርሼ ካርታውን ልልክልሽ። ከጣቢያው ትንሽ ወጣ ብሎ የሁለት ወንዞች ምንጮች ይለያያሉ፤ አንዱ ወደ ምዕራብ፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፣ በመካከላቸው ጥቂት ርምጃ ነው ያለው። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ከዚያ ወዲያ ያንቺ እርሳስ የለም፤ በራሴ አነበብኩና እንደ ልማዴ ተሳሳትኩ። በአንድ የበግ ሜዳ መካከል ቁልቁል ስበር አንድ ሽማግሌ በትሩን አንስቶ ጮኸ።

«ውረድ! ውረድ ከዚህ ነገር ላይ! የእግር መንገድ ነው ይሄ!»

«ካርታው ላይ የፈረስ መንገድ ነው…»

«አጭር ጭረት የእግረኛ፣ ረጅም ጭረት የፈረስ! ብስክሌት በፈረስ መንገድ ነው የሚሄደው። ከከተማ የመጣ ሁሉ አጭርና ረጅም መለየት አቅቶት በጎቼን ሲያስደነግጥብኝ ይውላል! እስቲ አምጣው።»

መነጽሩን አድርጎ ካርታውን ገለጠ። ጽሕፈትሽን ሲያይ ድምፁ ወረደ።

«ይሄ የብሬንዳ ነው። በሜዳዬ ብስክሌቴን ገፍቼ ልለፍ ወይ ብላ ደብዳቤ የጻፈችልኝ ሰው በዕድሜዬ እሷ ብቻ ናት። እዚህ ልታድር ነበር፣ ታውቃለህ? ኦድሪ፣ ሚስቴ፣ የጓሮውን ክፍል አነጠፈች፤ ሩባርብ የሚባል ተክል የገባበት ኬክም ጋገረች። ማለዳ ብሬንዳ ደወለችና ከእናቷ ጋር የሚያድረው ወንድሟ መኪና ተበላሸበት አለች። ኦድሪ እንዴት አዘነችለት መሰለህ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ወንድሟ ነህ?»

«ነኝ።»

«መኪናውስ ተሠራ?»

ብሬንዳ፣ ሰውየው ሊያሾፍብኝ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

«አልተበላሸም ነበር» አልኩት።

 ካርታውን በእጥፋቱ አጥፎ መለሰልኝ።

«ለእሷ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ ጋርስዴል ተመለስኩ። ባዶው ቦታ እንዳለ ነው፣ አልነካሁትም።

እውነቱን አሁን ስሚኝ። መኪናዬ በር ላይ ቆማ ነበር፣ ቁልፉም እጄ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት በገና ስመጣ እማዬ በአባባ ስም ጠርታኝ፣ ለምን ትተኸኝ ሄድክ ብላ ስታለቅስ አንቺ ኩሽና ነበርሽ፤ አልሰማሽም። ሌሊቱን ሙሉ ብቻዬን ያንን መስማት ፈራሁ። አንቺ በየሌሊቱ የምትሰሚውን እኔ አንዴ መስማት አልቻልኩም። በልጅነታችን ጨለማ ስፈራ እጄን ይዘሽ ታሳልፊኝ ነበር፣ ሽማግሌ ሆኜም ያው ነኝ።

የበጎቹ ባለቤት ሽማግሌ፣ አቶ ሜትካፍ፣ ትናንት ደውለው ነበር። ኦድሪ በሰኔ ክፍሉ ክፍት ነው ትላለች አሉ፣ ለአንቺ ብቻ። ቀኑን አንቺ ወስኚ፤ እኔ አብሬሽ አልነዳም፤ ካልጠራሽኝ ልቀበልሽም ኖርዛለርተን አልመጣም። ካርታውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ምንም አልጨመርኩበትም።

አሁን የፈለግሽውን ያህል ሌሊት ከቤት ውጪ ማደር ትችያለሽ። እኔ ደግሞ አሁን በየሌሊቱ መምጣት እችላለሁ፤ ግን የምጠብቅልሽ እናት የለችም።

ወንድምሽ
ኔቪል