የእትዬ ንዴትና የበሬው እጢ

ጥቅምት 4
ከቄራ ወደ ላቦራቶሪያችን አሥራ ሁለት የበሬ እጢ መጣ። ከኩላሊት በላይ የሚቀመጠው፣ አድሬናሊን የሚያመነጨው። ሁለቱ ተጨፍልቀዋል። አለቃዬ ጮኸች፦ «ስንቴ ልንገራችሁ? እጢ አይጨመቅም! ያጠራቀመውን ይተፋዋል!» የቀሩትን በረዶ ላይ ደረደርኩ።

ከሥራ በኋላ ታላቅ እህቴ እትዬ ቤት። ልብስ እየሰፋች ነበር። በድንገት ላብ በላብ ሆነች፣ ፊቷ ነጣ። «ልቤ ልትወጣ ነው...» ባሏ፦ «ንዴት ነው። አመሏን ታውቀው የለ?» እኔም «እትዬ፣ አትናደጂ» አልኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ የምላት ይህንኑ ነው።

ጥቅምት 9
ጎብኚዎች መጡ። ማስረዳት የኔ ዕጣ ነው። ሴሉ አድሬናሊኑን ሜዳ ላይ አይበትነውም፤ ትንንሽ ከረጢቶች ውስጥ ይከተዋል። የከረጢቱ ግድግዳ ላይ ያለው ፓምፕ እየጎተተ ያስገባዋል። ውስጥ ከሌሎች ነገሮች ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፣ እንዳያፈስ። ነርቭ ትእዛዝ ሲሰጥ ከረጢቱ ወደ ሴሉ ጠርዝ ሄዶ ይተፋዋል። አንድ ሽማግሌ፦ «ካልታዘዘስ?» «አይተፋም አባባ» አልኩ። እንዴት ያለ እርግጠኝነት!

ጥቅምት 11
እትዬን እንደገና ያዛት። ማንም አላናደዳትም፤ እንዲያውም እየሳቀች ነበር። የወደቀ ክር ልታነሳ ጎንበስ አለች... በቃ። ፋርማሲ ወሰድኳት። የደም ግፊቷ 210።
ለምን ጎንበስ ስትል? ሆዷ ተጫነ... እጢ አይጨመቅም።
ወይ ጉድ። የበሬውን በረዶ ላይ ሳሞላቅቅ፣ የእህቴን...

ጥቅምት 13
ሐኪም ጋ። የሃያ አራት ሰዓት ሽንት በጀሪካን አጠራቅማ ታምጣ ተባለ። ፍሪጅ ውስጥ፣ ከወተቱ ጎን። ባሏ ወተት ትቷል።

ጥቅምት 21
ሽንቷ ውስጥ ያለው አድሬናሊን ከልኩ ስምንት እጥፍ። ምስል ሲነሳ ግራ እጢዋ ላይ ሎሚ የሚያክል እባጭ። ማንም ሳያዘው ይተፋል። ቀዶ ሐኪሙ፦ «ዛሬ ብንነካው ትሞትብናለች። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት መድኃኒት። ስናወጣው ደግሞ መጨመቅ የለበትም።» አውቃለሁ አልኩ። ፈራሁ።

ኅዳር 8
ቀዶ ጥገና ክፍል ገባች። አራት ሰዓት ፈጀ። ባሏ ኮሪደሩ ላይ፦ «አመሏ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።» «እኔም ብያለሁ» አልኩት።
ወጣች። በሕይወት።

ኅዳር 29
የግፊት መለኪያ ገዝቼ እትዬ ቤት ሄድኩ። መርፌ ወደቀባት። ጎንበስ ብላ አነሳች። እኔና ባሏ ትንፋሻችንን ዋጥን። ምንም።
መለኪያውን አየችና ዞረችብኝ፦ «አሁን ነው ይዘህ የምትመጣው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሦስት ዓመት አትናደጂ ስትለኝ አንድ ቀን አልተናደድኩም። ዛሬ ግን ተናድጃለሁ! ሰማኸኝ፣ አንተ የበሬ ሐኪም?»
እየሰደበችኝ ክንዷን ይዤ ለካሁ። 118 በ76።
«ቀጥይ እትዬ» አልኳት።