የጋሪ ማቆሚያው ማሰልጠኛ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ እንጅባራ

የጭነት መኪና ሹፌር መሆን እንደምፈልግ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርሁ። መናኸሪያው አጠገብ አጎቴን አያ ሙሉን ከሹፌር ጓደኞቹ ጋር አገኘሁትና መንግሥት የመዘገበው ማሰልጠኛ የት እንዳለ ጠየቅሁት። እሱ ግን ሳይስቅ፣ «ከገበያው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር ነው። ሙሉ ላከኝ በያቸው» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ሄድሁ። እንደገባሁ የምናገረውን መንገድ ላይ እለማመድ ነበር።

ሰማያዊው በር የጋሪ ማቆሚያ ነው። ሙሉ ላከኝ ስል አንድ ባለጋሪ አለንጋ አስያዘኝና፣ «ነይ እሙዬ፣ መሪሽ ይኸውልሽ! ሞተሩ ግን ይራገጣል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ዞር ስል አያ ሙሉ ከኋላዬ ቆሞ በስልኩ ይቀርጸኛል። «የፈረሱን ፈተና ካለፍሽ መንጃ ፈቃድሽን እኔ አመጣልሻለሁ!» አለኝ።

ማታ ቪዲዮውን ለእናቴ አሳያት። እሷም ሳቀች።

ማሰልጠኛው የት እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ከአያ ሙሉ ሌላ የማውቀው ሹፌር የለም። ደንግጬ ስሮጥ የባለጋሪውን አለንጋ ይዤው መጥቻለሁ፤ አልጋዬ ሥር ነው። ነገ ስመልስለት እሱን ልጠይቀው ይሆን? ደግሞ ከሳቀ…