ለኢንዶስኮፒ ኮፒ ይዛ ስለ መጣችው ትብለጥ

ለክቡር የክሊኒኩ የሕክምና ኃላፊ፤
ሻርጃ

ክቡር ሆይ፣ ጤና ከደጅዎ አይራቅ፤ ከራቀም የበሽታዎን ስም በሚገባዎት ቋንቋ የሚነግርዎ አይጡ እያልኩ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ሁሪያ እባላለሁ፤ ሮላ ሰፈር ቤድ ስፔስ፣ ማለት በጋራ ክፍል አንዲት አልጋ፣ ተከራይቼ የምኖር የወሎ ልጅ ነኝ። የምጽፍልዎ ጁሜይራ ሰው ቤት ስለምትሠራው፣ ምግብ አልወርድ ብሏት ስለሰነበተችው ጓደኛዬ ስለ ትብለጥ ነው። ውለታችሁ ብዙ ስለሆነ በተራ በተራ ላመስግን።

፩ኛ. ሕመሟን «ጋስትራይቲስ» ስላላችሁት። አገራችን ይህን «ጨጓራ» ይለዋል፤ የሌለበት ሰውም የለም። እናንተ ግን ማዕረግ ሰጣችሁት፤ እሷም ስሙ ሲረዝምባት ሕመሙ የከፋ መስሏት ስታለቅስ ከረመች። «አይቲስ» በግሪክኛ መቆጣት ብቻ መሆኑን ኋላ የነገረን የሰፈራችን ፋርማሲስት ነው።

፪ኛ. «ለኢንዶስኮፒ ነይ» ብላችሁ ስለሸኛችኋት። በዚህ አገር ያለ ኮፒ የሚያልቅ ጉዳይ እንደሌለ ትብለጥ ጠንቅቃ ታውቃለችና፣ አሠሪዋን ማዳሟን ለምና አስፈቅዳ፣ እንደ ነገሩ ቁርስ ቀማምሳ፣ የፓስፖርቷንና የቪዛዋን ኮፒ ይዛ በሰዓቱ ከች አለች። «ስኮፒ» ማየት ማለት ኖሯል፤ በባዶ ሆድ መምጣትም ነበረባትና ሳትመረመር ተመለሰች። ነርሷ ከልቧ ስለሳቀች አመሰግናለሁ፤ ሳቅ ለጤና ጥሩ ነው ይባላል። ማዳሟ ሌላ ፈቃድ እስክትሰጣት ግን ወር አለፈ፤ ትብለጥም ሾርባ እንኳ እየተናነቃት ሠራች።

፫ኛ. በአማርኛ የሚያስረዳት ሰው ስጠይቅ «እዚህ ሁሉም እንግሊዝኛ ይችላል» ስላላችሁኝ። እውነት ነው፤ ችግሩ እናንተ የምትናገሩት ግሪክኛ መሆኑ ነው። ትብለጥ ከግሪክኛ የምታውቀው በሕማማት የምትሰግድበትን «ኪርያላይሶን» ብቻ ነው፤ እሱንም ቄሱ ሳትጠይቃቸው ተርጉመውላታል።

ለዚህ ሁሉ ቸርነታችሁ ብድሩን መመለስ የተሳናት፣ ሳትመዘገብ የግሪክኛ ተማሪ ያደረጋችኋት፣
አክባሪዎ ሁሪያ

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ምርመራው በስተመጨረሻ ተደርጎላት ነበር፤ ዛሬ ነርሷ ደውላ ውጤቱን ነገረቻትና ስልኩን ዘጋች። ትብለጥ ከቃሉ የያዘችው ጭራውን፣ «ኦማ» የሚለውን ብቻ ነው። ፋርማሲስቱን ብጠይቀው፣ እብጠት ማለት ነው፣ የደህናውም የክፉውም እብጠት ስም በዚሁ ያልቃል ብሎኝ ዓይኑን ሰበረ። ፈርቻለሁ። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «ሁሪዬ፣ መጨረሻው ‹ማ?› ነው የሚለው፤ ማንን ነው የሚጠራው? እኔን ነው?» ትለኛለች። እባክዎ፣ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ይመልሱላት።