ሦስት ሱቅ፣ አንድ እጅ

ሰኔ 13 ቀን 1975፣ ሚዛን ተፈሪ

ዝናብ። ከትናንት ጀምሮ አላባራም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ቢሮ ደረስኩ፣ በር ላይ እግሬን ታጥቤ አደረግኩት። እርጅና ሳይደርስብኝ ጭቃው ይጨርሰኛል።

ባለቤቴ በየነች ስኳር ልትሰለፍ ቀበሌ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። «የሚቀጥለው ሳምንት» ብለዋታል። ባለፈው ሳምንትም ይኸንኑ ነበር ያሏት።

ጠዋት ኃላፊያችን ጓድ ከፈለኝ ጠራኝ። ቆሞ ጠበቀኝ... ሲቆም ነገር አለ። ለችግኝ ጣቢያው ሠራተኞች ቦት ጫማና ገጀራ መግዣ የተፈቀደው በጀት እስካሁን አልተነካም። ሰኔ 30 ካለፈ ገንዘቡ ተመላሽ ነው። ተመላሽ ከሆነ ለሚመጣው ዓመት ይቆረጥብናል፣ ጅማ ያለው የበላይ ቢሯችንም «ለምን ሳትሠሩ ቀራችሁ?» ይላል። ሚያዝያ ላይ ጠይቄው «ቆይ» ያለኝ እሱ ራሱ ነው። አላስታወስኩትም። ማን ደፍሮ ያስታውሰዋል?

«ሸዋንግዛው፣ ሦስት ፕሮፎርማ እስከ ሐሙስ ጠረጴዛዬ ላይ» አለ።

ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ማቅረቢያ አምጥቶ ዝቅ ካለው መግዛት... ደንቡ ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ሚዛንን አላየም። እዚህ ቦት ጫማም ገጀራም ያላት ነጋዴ እትዬ ዙሌይካ ብቻ ናት። ጅማ ልሂድ እንዳልል መንገዱ ቦንጋ ላይ ተቆርጧል።

ዕቃ ገዥ ከሆንኩ ስምንት ዓመቴ። በየሰኔው ያው ነው።

ሰኔ 15

ፕሮፎርማው አለቀ። እንደ አምናው፣ እንደ ካቻምናው።

እትዬ ዙሌይካ ሱቅ፣ ከባንኮኒው ጀርባ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት። የራሷን፣ የእንድርያስንና የእህቷን የሀጂራን ባዶ ወረቀት ማኅተም አስመትታ ጠብቃኛለች። እንድርያስ የሚሸጠው ምስማርና ቆርቆሮ ነው፣ ሀጂራ ሳሙናና ክብሪት። ማኅተሙን የሚሰጡት ለጉርብትና ነው፣ ምንም አያገኙበትም። ዋጋውን እትዬ ዙሌይካ ትናገራለች፣ እኔ እሞላለሁ። የሁለቱ ከእሷ ትንሽ ከፍ ይላል።

እሷ መጻፍ ያስፈራታል። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቷ በመስታወት ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ግን ከስሟ ሌላ አንድ መስመር ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል።

ዋጋዋ ትክክለኛ ነው፣ ጅማ ከሚሸጥበት አይበልጥም። እኔም አንዲት ሳንቲም አልነካሁም። ለፋሲካ የሰጠችኝ አንድ ኪሎ ስኳር አለ... እሱ ይቆጠራል?

ስጽፍ ሁልጊዜ ታየኛለች። ቁም ጽሕፈት ነው፣ አባቴ የሸንበቆ ብዕር አስይዞ ያስተማረኝ። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ራሱ ወፈር፣ እግሩ ቀጠን ይላል። በዚህ አገር ከእኔ ሌላ እንዲህ የሚጽፍ አላየሁም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ልጇ ሲታሰር ማመልከቻውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ልጁ በሦስተኛው ሳምንት ተፈታ። ያስፈታው ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ እሷ ግን «ጽሕፈትህ ነው» ትላለች። ስትለኝ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ሰኔ 22

ዕቃው ገባ። ስልሳ ገጀራ፣ አርባ ጥንድ ቦት ጫማ። ንብረት ክፍሉ ቆጥሮ ተረከበ። ሠራተኞቹ ዝናብ ላይ ቆመው ጫማ እየለኩ ሲሳሳቁ ዋሉ። አንዱ ሁለቱንም የግራ እግር አግኝቶ እስኪቀየርለት ድረስ እንደዚያው ሲያነክስ ዋለ። ጓድ ከፈለኝ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ተገላገልን።

ሰኔ 27

ከጅማ ተቆጣጣሪ መጣ። ጓድ ተረፈ ይባላል። የዓመቱን መዝጊያ ግዢ ሊመረምር ነው። መንገዱ ተቆርጦ እንዴት መጣ? እስከ ተቆረጠው ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ጭቃውን በእግሩ። ለፋይል ብሎ ያን ጭቃ በእግሩ የሚያቋርጥ ሰው... አልወደድኩትም።

ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚናገረው። ሻይ ስንጋብዘው አልፈልግም አለ። የግዢ ፋይሎቹን በሙሉ ይዞ ገባና በሩን ዘጋ። ዘንድሮ በየመሥሪያ ቤቱ የሰኔን ግዢ እያሳደዱ ነው ይባላል። ቴፒ ሁለት ሰው፣ ማሻ አንድ ሰው ታስሯል አሉ። በኢኮኖሚ አሻጥር።

ምሳ አልወረደልኝም። ምን አጠፋሁ? ዕቃው ገብቷል፣ ጫማው እግር ላይ ነው።

ሰኔ 28

«ሦስት ሱቅ፣ አንድ እጅ።»

ጓድ ተረፈ እንዲህ ነው ያለው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ሳልፍ ሰማሁ። ሦስቱን ፕሮፎርማ ጎን ለጎን ዘርግቶ ለጓድ ከፈለኝ ያሳየዋል። ጓድ ከፈለኝ ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ ከማለት ሌላ ያዘዝኩት የለም ይላል። እውነቱን ነው... ያዘዘው ያንኑ ነው።

እንዴት አላሰብኩትም? ስምንት ዓመት ሙሉ! አንዱን እንኳ አጣምሜ ብጽፈው ኖሮ። የምጨነቀው እንዲያምር ነበር። ሦስቱንም አሳምሬ ጻፍኳቸው። እንደኔ ያለ ሞኝ የት ይገኛል?

የቢሯችን ደብዳቤ ሁሉ በታይፕ ስለሆነ ተቆጣጣሪው የእኔን እጅ አያውቀውም። ቢሮው ግን ያውቀዋል። ታይፒስቷ ታውቀዋለች፣ ንብረት ክፍሉ ያውቀዋል፣ ዘበኛው ያውቀዋል። ማመልከቻ ያልጻፍኩለት ሰው የለም። አንዱም አልተናገረም። ከሰዓት በኋላ ግን ማንም ወደ እኔ አላየም፣ ይኼ ባሰብኝ።

ሰኔ 29

ጓድ ተረፈ የቢሮውን ሰው ተራ በተራ እየጠራ አጻፈን። ከጋዜጣ አንድ አንቀጽ። ፊደሉን አጋድሜ፣ አያይዤ፣ እንደ ሐኪም ጫጫርኩት። ጓድ ተረፈ አየው፣ አስቀመጠው፣ «የሚቀጥለው ይግባ» አለ።

ስወጣ ቀና አልኩ... በሩ ላይ ያለው መፈክር! «ምርታችን ለአብዮታችን!» አምና ለአብዮት በዓል መሰላል ላይ ወጥቼ፣ ቀይ ቀለም ይዤ የጻፍኩት። እያንዳንዱ ፊደል ክንድ ያህላል። ቁም ጽሕፈት። ጓድ ተረፈ በቀን አራቴ ከሥሩ ያልፋል። ዝናብ ስለሆነ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።

ዝናቡ እንዳያባራ ጸለይኩ። ወሩን ሙሉ ስረግመው የቆየሁት ሰውዬ።

ሰኔ 30

እትዬ ዙሌይካን ወሰዷት።

እንድርያስ ተጠይቆ ማኅተም የሰጠሁት ለዙሌይካ ነው፣ ሌላ አላውቅም ብሏል። ሀጂራም እያለቀሰች ያንኑ። እኔ ስጽፍ ሁለቱም አላዩኝም፣ አይፈረድባቸውም። ግዢውን ያሸነፈችው ዙሌይካ፣ ማኅተም ያሰባሰበችው ዙሌይካ። ያ በመስታወት ያለ ምስክር ወረቀት ደግሞ መጻፍ ትችላለች ይላል። ለጓድ ተረፈ ይኼ በቂ ነው። ሱቁ ታሸገ።

በገበያው በኩል ይዘዋት አለፉ። ጃንጥላዬን ይዤ ቆሜ ነበር። አየችኝ። ሻሿን አስተካከለችና አለፈች። እኔም ያው ቆሜ ቀረሁ።

የበጀት ዓመቱ ዛሬ አለቀ።

ሐምሌ 1

ማን ጻፈው ተብላ ስትጠየቅ «እኔው ነኝ» ብላለች አሉ።

እኔው ነኝ! ከስሟ ሌላ መጻፍ የማትችል ሴት። ለምን? ስለ ልጇ ነው? ያ ማመልከቻ እኮ አንድ ገጽ አይሞላም።

ለበየነች ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና ይህን ደብተር እንዳቃጥለው ለመነችኝ። «ልጆች አሉን» አለች። ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እሷስ ልጅ የላትም?»

የቱን ልስማ?

አላቃጠልኩትም፣ ዱቄት ዕቃው ውስጥ ቀበርኩት። ግን ይኸው፣ ይህንንም የምጽፈው ፊደሉን አጋድሜ ነው። በራሴ ደብተር ላይ እንኳ በሰው እጅ።

ሐምሌ 3

እሑድ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ወባ ይዞኛል ብያለሁ... ወባ ቢሆን በወደድኩ። በር ሲንኳኳ፣ ውሻ ሲጮህ፣ መኪና ሲያልፍ፣ ሁሉም ለእኔ የመጣ ይመስለኛል።

ጓድ ከፈለኝ ሊጠይቀኝ መጣ። ብርቱካን ይዞ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ችግኙ አወራ። ሊሄድ ሲነሳ ነው ዋናውን የተናገረው።

«ሴትዮዋ አምናለች። ነገ ቃሏን ፈርማ ወደ ጅማ ትሄዳለች፣ ነገሩ በዚሁ ያልቃል። አንተም እረፍ።»

አንተም እረፍ። ያውቃል። እኛ ሁላችን እንድንተርፍ እሷ ልትሄድ ነው። ሲናገር ለአንድ አፍታ ደረቴ ቀለል አለው። እውነቴን ነው፣ ቀለለኝ። እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። ብርቱካኑን ልጆቹ በሉት።

ሐምሌ 4

ሳልረሳው በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት ጓድ ተረፈ ፖሊስ ጣቢያ አስጠራኝ። ሊይዙኝ ነው ብዬ ሄድኩ። በየነች ፎጣና ሳሙና በላስቲክ አድርጋ ሰጠችኝ። መንገድ ላይ ሁለቴ ቆምኩ።

ለካስ የተፈለግኩት ለሌላ ነው። የጣቢያው ጸሐፊ በወባ ተኝቷል። ጓድ ተረፈ የሴትዮዋን ቃል የሚጽፍለት ሰው ጓድ ከፈለኝን ቢጠይቀው «ሸዋንግዛው» ብሎታል። የሚጻፍ ነገር ሲመጣ የሁሉም አፍ ስሜን ይጠራል። ለምዶበት ነው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ምን እንደተሰማው እንጃ!

እትዬ ዙሌይካ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ከስቷል። ጠረጴዛው ላይ ሦስቱ ፕሮፎርማ ተዘርግተዋል። ጓድ ተረፈ ወረቀት ሰጠኝና እሷ የምትለውን ብቻ እንድጽፍ ነገረኝ። እሷ እኔን አየች፣ ከዚያ እጄን። እንድደርስባት ቀስ እያለች ጀመረች።

«ሦስቱንም ወረቀት የጻፍኩት እኔው ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ማንም አልረዳኝም።»

ፊደሉን አጋድሜ ጀመርኩ። ጥሩ እየሄደ ነበር፣ የማንም ጽሕፈት ይመስላል። ማንም አልረዳኝም ስትል ግን ድምፅዋ ተቆረጠ። እጄ ቆመ። ያ ልጇ የታሰረ ጊዜም ልክ በዚህ ድምፅ ነበር የነገረችኝ፣ እኔም የጻፍኩላት።

ጀግና አይደለሁም። ወረቀቱን አጣጠፍኩና «ተበላሸብኝ፣ ሌላ ይስጡኝ» አልኩ። በአዲሱ ላይ እንደ አባቴ ልጅ ጻፍኩት። ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ራሱ ወፈር፣ እግሩ ቀጠን ያለ። ሦስቱንም ወረቀት የጻፍኩት እኔው ነኝ። እያንዳንዱን ፊደል ሳልቸኩል።

ለጓድ ተረፈ ሰጠሁት። አነበበው። ሊያስቀምጠው ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ከፕሮፎርማዎቹ ጎን አኖረው፣ ጎንበስ ብሎ አንዱን ካንዱ እያስተያየ ብዙ ቆየ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ይኼ የማን ቃል ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው።»

እትዬ ዙሌይካ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ምን አደረግክ ወንድሜ...» ስትል ነው የሰማኋት። ከዚያ በኋላ የተባለውን አላስታውስም። ይህን የምጽፈው ከምርመራው ወረቀት በተረፈ ቁራጭ ላይ ነው።

ሐምሌ 11

ስምንተኛ ቀኔ። በየነች ደብተሩን ከምግቡ ሳህን ሥር አድርጋ አስገባችልኝ። ዱቄት ዱቄት ይላል። ቁራጩን ወረቀት በቦታው ለጠፍኩት። አቃጥለው ስትለኝ የነበረችው ሴት ራሷ ነች ያመጣችው፣ ምንም አልጠየቅኳትም።

እትዬ ዙሌይካ ሐሙስ ዕለት በዋስ ወጣች። ሱቋ እንደታሸገ ነው። በማግሥቱ ዓርብ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሽሮ ነው። ጾሜን አልረሳችም። ዘበኛው ስለማያስገባ በአጥሩ ቀዳዳ ብቻ ተያየን። ጓድ ከፈለኝ አልመጣም፣ ብርቱካንም አልላከም። በሩ ላይ ያለውን መፈክር ግን አስጠፍቶታል ትላለች በየነች። ኖራ አስቀብቶ።

መንገዱ ከተከፈተ በዚህ ሳምንት ወደ ጅማ ይወስዱኛል። ስንት ዓመት እንደሚፈረድብኝ የሚነግረኝ የለም። እፈራለሁ። መኪና በሰማሁ ቁጥር ለእኔ የመጣ ይመስለኛል። እሱ አልተለወጠም።

እዚህ ውስጥ መጻፍ የሚችል ጥቂት ሰው ነው። የእኔ ወሬ ቀድሞኝ ገብቷል። ዛሬ ለሦስት እስረኞች ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። አንዱ የማጂ ሰው ነው፣ አንዱ የሸኮ፣ አንዱ እዚሁ የሚዛን። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ብዕሩን ያያሉ። ሦስቱንም በቁም ጽሕፈት ጻፍኩ። ሦስቱም ሥር «ጸሐፊው ሸዋንግዛው ወርቅአፈራሁ» ብዬ ስሜን አኖርኩ።