ኮሶ ነው ብንል ማን ይመነን

ሰኞ

በራችን ላይ ዘበኛ ቆመ። የኔ ጉድ! ባሌ ተሰማ ዛሬ በጠዋት ኮሶ ጠጣ። ገና ለሚወለደው ልጃችን ክርስትና ጥሬ ሥጋ እንዳሻው ሊበላ፣ ሆዱን ቀድሞ ሊያጥብ! ወደ ጓሮ ሲሮጥ ኮሌራ ያለበትን ቤት የሚፈልጉት የጤና ሰዎች ከች አሉ። «ኮሶ ነው» አልን። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉና ደጃፋችን ላይ ኖራ በተኑ። ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ መውጣትም መግባትም የለም።

የመውለጃዬ ወር ገብቷል። አዋላጇ እማማ ድንቄ ሆዴን ዳስሰው፣ «በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ምጥ ሲጀምርሽ በጋሪ ወደ ሆስፒታል» ብለውኛል። የመጀመሪያ ልጄም በእግሩ መጥቶ ነው የሞተብኝ።

ማክሰኞ

ተሰማ ድኖ አንድ ድስት ሽሮ ጨረሰ። ዘበኛውን «አባቴ፣ ኮሌራ የያዘው እንዲህ ይበላል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጎረቤት ያመጣውን ውሃ ራሳቸው በር ላይ ያኖሩልናል። ተሰማን ግን ላየው አልፈልግም።

ረቡዕ

መጥቶ ያያችኋል የተባለው ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱ፣ አልመጣም። ወገቤን ያመኛል። የጋሪው ደወል በመንገዱ ሲያልፍ ሰማሁና አለቀስኩ። ይቺ ግቢ እንዲህ ጠባብ ነበረች? ተሰማ «እግርሽን ልሽልሽ» አለ። እሺ አልኩት፤ ምን ላድርግ።

ሐሙስ

ጀመረኝ። ዘበኛው መውጣት አይሆንም አሉ። እመቤቴ ድረሽልኝ።

ቅዳሜ

ተርፌያለሁ። ሐሙስ ዕለት ጎረቤቶቼ መግባት ቢከለከሉ ከአጥሩ ማዶ ቆመው «ማርያም፣ ማርያም» ይሉልኝ ነበር። ምጥ ላይ ያለች ሴት እንዴት ብቻዋን ትተዋለች? እማማ ድንቄ ግን በዚያ ዕድሜያቸው የጓሮውን አጥር ገንጥለው ገቡ! ዘበኛው «በንጉሡ አምላክ፣ ይመለሱ!» ብለው ጮኹ። «የጠራችኝ ማርያም ናት፤ ለሷ ንገራት!» አሏቸው።

እግሯ ቀድሞ መጣ። እማማ ድንቄ እያባበሉ አወጧት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ነፍሴ ወጣች። ከዚያ አለቀሰች። ሴት ናት! ከአጥሩ ማዶ እልል አሉ። ዘበኛውም ከበሩ ሳያልፉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ።

እማማ ድንቄም ገብተዋልና አብረውን ታገዱ። ተሰማ ያገነፋውን ገንፎ ቅቤ አስጨምረው ጥግብ አሉ። ነገ ይከፈትላችኋል ተብለን ነበር።

ዛሬ ጠዋት እማማ ድንቄ ሆዳቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ሮጡ። ተመለሱ፤ ደግሞ ሮጡ። ዘበኛው አዩ። «ገንፎው ነው፣ ቅቤ በዝቶበት!» አልኩ ልጄን እንደታቀፍኩ።

ዘበኛው ደጃፋችን ላይ አዲስ ኖራ በተኑ።