ሦስተኛው ፊርማ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አሶሳ

እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ስሠራ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመጻሕፍት ገምጋሚ ኮሚቴው ቅጽ ላይ «አንብቤ አጽድቄአለሁ» በሚለው ሥር የፈረምኩት ሽፋንና ሥዕል እያየሁ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «የኔ ባል የፈረንጅ መጽሐፍ ይመረምራል» እያለች ለጎረቤት ስታወራ እንኳ እውነቱን አልነገርኳትም።

ዛሬ ሌላዋ የኮሚቴው አባል፣ የባዮሎጂ መምህርቷ ገነት፣ አምና ያጸደቅነውን የኬሚስትሪ ማጣቀሻ ይዛ መጣች። ከገጽ 212 ዘሎ 229 ይላል። ማውጫውን አንብባ እንደነገረችኝ የጎደለው ስለ ሜርኩሪ መርዝነት የሚያስረዳው ነው። ከመንጌ ወረዳ የሚመጡት ተማሪዎቻችን አባቶች ደግሞ ወርቅ ከአፈር የሚለዩት በዚሁ በሜርኩሪ ነው። የገጽ ቁጥር ለማየት እንግሊዝኛ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን አልገለጥኩትም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ምን ይሻላል ጋሼ፣ እኔስ መች ገለጥኩት!» ብላ ሳቀችና የዘንድሮዎቹን መጻሕፍት ቅጽ አቀበለችኝ። «ሁለታችን ፈርመናል፤ የቀረው ሦስተኛው፣ የርስዎ ፊርማ ነው። መጻሕፍቱ እንደሆኑ ገብተዋል።»

እውነቷን ነው። ብፈርምም ባልፈርምም መደርደሪያ ላይ መውጣታቸው አይቀርም። «አቤቱ ይቅር በለኝ» ልል ብዬ አፈርኩ፤ ስንቴ ብዬው ስንቴ ፈርሜአለሁ።

«አንብቤ» የሚለውን ሰረዝኩት። ከሥሩ «አላነበብኩም፤ እንግሊዝኛ አልችልም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።